«ጠብታ ይታዘዛል» ብላችሁ ስላለፋችኋት አረፍተ ነገር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

መጀመሪያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው እትማችሁ የጤና ገጽ ላይ ስለ ግላኮማ፣ የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ ስለሚገድለው በሽታ፣ የወጣውን ጽሁፍ ግማሹን ራሴ አነበብኩት፣ ግማሹን ልጄ ናት ጮክ ብላ ያነበበችልኝ፣ ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻ እነግራችኋለሁ። ጽሁፉ መጥፎ አልነበረም። በሽታው ምን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚይዝ፣ ሳይታወቅ ስንት አመት እንደሚቆይ በደንብ ተብራርቷል። ህክምናው ጋ ሲደርስ ግን «ህክምናው ጠብታ፣ ሌዘር ወይም ኦፕሬሽን ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ጠብታ ይታዘዛል» ብሎ አለቀ። በቃ። እኔ እቺ አረፍተ ነገር ውስጥ 11 አመት ኖሬያለሁ፣ እና ስለሷ ትንሽ ላውራ ብዬ ነው፣ ከረዘመባችሁ የፈለጋችሁትን ቁረጡ።

ሲነገረኝ 44 አመቴ ነበር። ምንም አላመመኝም፣ ቅርብ ያለ ጽሁፍ እየደበዘዘ ስላስቸገረኝ የማንበቢያ መነጽር ላሰራ ብዬ ነው የሄድኩት። መነጽር ቤት የሚሰራው ልጅ ለክቶኝ ሲጨርስ እግረመንገዱን የዓይኔን ግፊት ለካ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ ለካ። ቀኝ 31 ግራ 28። «ሀኪም ጋ ዛሬውኑ ሂድ» አለኝ። ሀኪሟ በእድሜ ገፋ ያሉ ሴትዮ ናቸው፣ በመብራት ደጋግመው አዩኝና «የቀኝ ዓይንህ ነርቭ ብዙው ሄዷል» ሲሉኝ የሌላ ሰው ካርድ ያነሱ ነው የመሰለኝ፣ ምክንያቱም ከ10 ደቂቃ በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል እስከመጨረሻው መስመር አንብቤላቸዋለሁ። ለካ ፊደል የሚነበበው በመሀለኛው እይታ ነው፣ ግላኮማ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሀሉን ትቶ ዙሪያውን ነው የሚበላው፣ መሀሉን የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚ «እኔ ጥሩ አያለሁ» የሚለው ነገር ምንም ማስረጃ አይሆንም።

እናንተ ያወጣችሁት ስዕል ላይ ዙሪያው ጥቁር ሆኖ መሀሉ ብቻ በቧንቧ እንደሚታይ ነገር ነው። እኔ እስከዛሬ ጥቁር ነገር አይቼ አላውቅም። ችግሩም እሱ ነው፣ ጥቁር ቢሆንማ ማን ሳያውቀው ይቀራል። የጎደለውን ቦታ አእምሮ ከአጠገቡ ካለው እየቀዳ ይሞላውና ሙሉ ስዕል ያየህ ይመስልሃል፣ ብቻ እዛ ስዕል ውስጥ አንዳንድ ነገር የለም። በቀኜ የሚመጣ ሰው ከመሬት እንደበቀለ ድንገት አጠገቤ ይቆማል። ደረጃ ስወርድ የመጨረሻዋን እርከን እስታለሁ። ጠረጴዛ ላይ ያለ ብርጭቆ በክርኔ ስንቴ ገፍቼ ሰብሬያለሁ፣ ባለቤቴ «ቀልብህ የት ነው ያለው» ትለኛለች፣ እኔም የቀልብ ነገር ነው ብዬ አምኜ ነበር።

ነገርዬው በአጭሩ እንዲህ ነው። ዓይናችን ውስጥ ከፊት በኩል ንጹህ ውሃ ያለማቋረጥ ይመረታል፣ እንባ አደለም፣ እንባ ውጪ ነው ይሄ ውስጥ ነው። የተመረተው በዛው ልክ በማጥለያ ሾልኮ ይወጣል። ማጥለያው ሲደፈን ውሃው ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው በስተጀርባ ነርቩ ከዓይን የሚወጣበትን ቦታ ነው። ነርቩ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ቀጫጭን ክሮች አሉት፣ የሞተች ክር አትመለስም። እቺን ነገር አስምሩባት፣ አሁን የምላችሁ ሁሉ የሚመጣው ከሷ ነው፣ የግላኮማ ህክምና የቀረህን ለማስቀረት ነው እንጂ የሄደውን ለመመለስ አደለም።

አሁን ጠብታውን አስቡት። ራስህን አሞህ ኪኒን ብትውጥ ህመሙ ይለቅሃል፣ ኪኒኑ ስራውን እንደሰራ አወቅክ ማለት ነው። የግላኮማ ጠብታ ግን ምንም አይሰጥህም። ያቃጥላል፣ ዓይን ያቀላል፣ ለጥቂት ደቂቃ ያደበዝዛል፣ ከዛ እይታህ ትላንት እንደነበረው ነው፣ ያውም እድለኛ ከሆንክ። ብታቆመውስ? ምንም። አንድ ወር ብታቆም ምንም አይሰማህም፣ እንደውም መቅላቱ ይለቅና ዓይንህ ይነጣል፣ ሰው «ዛሬ አምሮብሃል» ይልሃል። መድሀኒቱን ስትወስድ የታመምክ የምትመስልበት ስትተወው የዳንክ የምትመስልበት በሽታ እንዴት አድርጎ ነው ሰው በስርአት የሚታከመው? እኔ ሰነፍ አደለሁም፣ ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ ሳንቲም ሳይጎድል ሚዛን የማስገባ ሰው ነኝ፣ ግን በሁለተኛው አመት ላይ ጠብታውን ትቼው ነበር። አንድ ቀን አስቤበት አላቆምኩትም፣ አንድ ማታ ረሳሁ፣ ሌላ ቀን እንቅልፍ ጣለኝ፣ ሌላ ቀን ብልቃጡ አለቀና «ነገ እገዛለሁ» አልኩ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ቀረ።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው፣ አሁንም ስጽፈው ያሳፍረኛል። ቀጠሮዬ 4 ወይም 5 ቀን ሲቀረው ማታ ማታ በደንብ አደርግና እሄዳለሁ። ግፊቱ ይለካል፣ 16፣ ዶክተሯ ይደሰታሉ። ከዛ የጎን እይታ ምርመራው ይሰራል፣ ካምናው የከፋ ነው። ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። ግፊቱ ጥሩ ሆኖ ለምን ይብሳል ብለው ሁለተኛ ጠብታ ጨመሩ፣ ከዛ ነርቩን ሌላ ነገር ተጭኖት እንዳይሆን ብለው የጭንቅላት ኤምአርአይ አዘዙ፣ እኔ ማሽኑ ውስጥ ተኝቼ እየተንኳኳብኝ ምክንያቱን አውቀዋለሁ! ያን ቀን ነው አፍ አውጥቼ የነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ «እኔ እኮ መድሀኒቱ አልሰራ አለ ብዬ ወደ ኦፕሬሽን ልወስድህ ነበር» ብቻ ነው ያሉኝ። አስቡት፣ በውሸት ምክንያት ዓይኔ ሊቀደድ ነበር። ቀጠሮ ሲደርስ ብቻ ጠብታ የሚያደርገው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩም የነገሩኝ ያኔ ነው፣ በጣም የተለመደ ነገር ነው አሉ። እባካችሁ ይሄን የምታነቡ ሰዎች ካላደረጋችሁ አላደረግኩም በሉ፣ ሀኪሙ ውሳኔውን የሚወስነው በቁጥሩ ነው፣ ቁጥሩ ላይ ከዋሻችሁ የሚታከመው ሌላ ሰው ነው።

ከዛ በኋላ ጠብታውን ከጥርስ መፋቂያዬ ጋ አስቀመጥኩት፣ ስልኬ ላይ አላርም ሞላሁ፣ በቃ የሰራልኝ ይሄው ነው። ፍላጎት ምናምን የሚባለው ነገር አልሰራልኝም። ጥርስ መፋቅም ፍላጎት አይጠይቅም።

ግን ሌላም ጉድ ነበር። አራተኛው አመት ላይ አንዲት ነርስ «እስቲ እንዴት እንደምታደርገው አሳየኝ» አለችኝ። አራት አመት ሙሉ ማንም እንደዛ ብሎኝ አያውቅም፣ ሁሉም ወረቀት ላይ ጽፎ «ማታ ማታ 1 ጠብታ» ብሎ ነው የሚሸኘኝ። አሳየኋት። የመጀመሪያዋ ጉንጬ ላይ ወደቀች፣ ሁለተኛዋ ሽፋሽፍቴ ላይ፣ ሶስተኛዋ ገባች ግን የብልቃጡ አፍ ዓይኔን ነካ። ልጅቷ ሳቋን ዋጠችና «ብልቃጡ ወር አይሞላልህም አይደል?» አለችኝ። እንዴት አወቀች! ሁልጊዜ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነበር የሚያልቅብኝ፣ እኔ ፋብሪካው እየቀነሰ ነው የሚሞላው ብዬ ስራገም ነበር።

እሷ ያስተማረችኝን እዚህ ልጻፈው፣ ምክንያቱም የናንተ ገጽ ላይ መኖር የነበረበት ይሄ ነው። እጅህን ትታጠባለህ። ራስህን ወደኋላ ትጥላለህ ወይም ከነጭራሹ ጋደም ትላለህ፣ እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጋደሙ ይሻላል። የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣትህ ሳብ ስታደርገው ትንሽ ኪስ ይፈጠራል፣ ወደላይ እያየህ እዛ ኪስ ውስጥ አንዷን ጠብታ ትጥላለህ፣ ብልቃጡ ምንም ሳይነካ። አንድ ብቻ፣ «ለማንኛውም» ብለህ ሁለተኛ አትጨምር፣ አንዷ ጠብታ ራሷ ዓይን ከሚይዘው በላይ ናት፣ ትርፉ ይፈሳል። ከዛ ዋናው ነገር፣ ዓይንህን ታርገበግባለህ አደለም፣ ቀስ ብለህ ትከድነውና በአፍንጫህ በኩል ያለውን የዓይንህን ጥግ በጣትህ ጫን አድርገህ ሁለት ደቂቃ ያህል ትቆያለህ። እዛ ጋ ወደ አፍንጫ የሚወርድ ቀዳዳ አለ፣ ካልተጫንከው መድሀኒቱ በሱ ወርዶ ጉሮሮ ይገባል ደም ውስጥ ይገባል፣ ዓይን ውስጥ መስራት የነበረበት ሌላ ቦታ ይሰራል። ሁለት አይነት ጠብታ ካለህ በመሀላቸው 5 ደቂቃ ጠብቅ፣ አለበለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦት ይወጣል። መግባቱን ማወቅ የሚቸግረው ሰው ደግሞ ከማድረጉ በፊት ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ ያቀዝቅዘው፣ ሲገባ ቅዝቃዜው ይታወቃል። ይሄ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ለማስተማር።

ያቺን ጥግ የመጫን ነገር እንደቀላል የማላየው በምክንያት ነው። መጀመሪያ የታዘዘልኝ ቲሞሎል የሚባለው ነበር፣ አሜሪካ ውስጥ ከ1978 ጀምሮ ስራ ላይ ያለ የታወቀ መድሀኒት ነው፣ ለብዙ ሰው ጥሩ ነው። ግን የልብ ምት ያዘገያል፣ የመተንፈሻ ቧንቧም ያጠባል፣ አስም ላለበት ሰው አይሆንም። እኔ ልጅ እያለሁ አስም ነበረብኝ፣ ያዘዘልኝ ሰው አልጠየቀኝም እኔም ለዓይን ጠብታ ስለ ሳንባዬ ምን አባቴ ላወራ፣ ዝም አልኩ። ለሳምንታት ሌሊት ሌሊት ሳል አጣደፈኝ፣ ሳል መድሀኒት ስጠጣ ከረምኩ። ሌላ ቦታ የደረት ሀኪም ነው «የምትወስደው መድሀኒት አለ?» ብሎ ጠይቆኝ «የለም» ካልኩ በኋላ በር ላይ ስደርስ «አይ የዓይን ጠብታ ብቻ» ያልኩት፣ መልሶ አስቀመጠኝ። ጠብታ መድሀኒት ነው። ሌላ ሀኪም ጋ ስትሄዱ ቁጠሩት።

ከዛ ወደ ላታኖፕሮስት ተቀየርኩ፣ ማታ አንዴ ብቻ ነው፣ ውሃው በሌላ መንገድ እንዲወጣ ነው የሚያደርገው። ዓይን ያቀላል፣ በዓይን ዙሪያ ያለውን ቆዳ ያጠቁራል፣ ሽፋሽፍት ያሳድጋል። ቢሮ ውስጥ ሴቶቹ «ምን ትቀባለህ» እያሉ ሲስቁብኝ ነበር፣ በኋላ ሳነብ የዚሁ ዘመድ የሆነው ቢማቶፕሮስት በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለሽፋሽፍት ማሳደጊያነት ተፈቅዶ ለውበት ይሸጣል። ሌሎቹም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው፣ ዶርዞላሚድ አፍ ያመራል (ጥግ ከተጫንክ ይቀንሳል)፣ ብሪሞኒዲን አንዳንዱን ያስተኛዋል አንዳንዱን አለርጂ ይሆንበታል፣ ለህጻን ደግሞ ጭራሽ አደገኛ ነው። አንዳንድ ጊዜ የሚያቃጥለው መድሀኒቱ ራሱ ሳይሆን እንዳይበላሽ የተጨመረው ኬሚካል ነው፣ እሱ የሌለበት አይነት አለ፣ ጠይቁ። ጠብታው ካልተመቻችሁ ማለቴ ነው፣ ጠይቁ እንጂ ዝም ብላችሁ አትተዉት፣ እኔን አይታችሁ።

ሌዘሩን እናንተ ከጠብታ በኋላ የሚመጣ ደረጃ አስመስላችሁ ነው የጻፋችሁት። ድሮ እንደዛ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ግን ገና ህክምና ያልጀመሩ 718 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በጠብታ ግማሹን በሌዘር ጀመራቸው፣ በሌዘር ከጀመሩት ውስጥ ከሶስት አመት በኋላ 74 በመቶ የሚሆኑት ያለምንም ጠብታ ግፊታቸው በሚፈለገው ልክ ነበር። ስለዚ አሁን ብዙ ሀኪም ከመጀመሪያው ነው የሚያነሳው። ለሁሉም አይነት ግላኮማ አይሆንም፣ ለዘላለምም አይቆይም፣ ግን ሊደገም ይችላል። እኔ አምስተኛው አመት ላይ ተደረገልኝ፣ አገጬን ማሽን ላይ አስደግፌ ጥቂት ደቂቃ ቀጭ ቀጭ ሲል ቆየ፣ አለቀ፣ በእግሬ ሄድኩ። ግራው ላይ ሰራ፣ እስካሁን ግራ ዓይኔ ጠብታ አያደርግም። ቀኙ ላይ እምብዛም አልሰራም።

ለዛም ቀኙ ሰባተኛው አመት ላይ ኦፕሬሽን ሆነ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ከሞራ ጋ ያምታታዋል። ሞራ ሲገፈፍ ሰው በነጋታው «አየሁ!» ይላል፣ የግላኮማ ኦፕሬሽን እንደዛ አደለም። ላይኛው የዓይን ቆብ ስር ለውሃው አዲስ መውጫ ይከፈትለታል፣ የሚሰራው ግፊት መቀነስ ብቻ ነው። እኔ ለሳምንታት ከበፊቱ የባሰ ነበር የማየው፣ ዘመድ ሁሉ «አበላሹህ» ብሎ ሊያለቅስልኝ ነበር፣ አስቀድሞ ስለተነገረኝ ነው ያልደነገጥኩት። ሌላው ማንም የማይናገረው፣ ኦፕሬሽኑ ቀላሉ ነው፣ ከባዱ ከዛ በኋላ ያለው ነው። ሰውነታችን ቁስል ሲያይ ሊደፍን ይፈልጋል፣ ያ መውጫ ደግሞ እንዳይደፈን ነው የሚፈለገው፣ ስለዚ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እየተመላለስክ ትታያለህ፣ የተሰፋበት ክር ይላላል፣ ጠብታ ይጨመራል። ከዛ በኋላም ለእድሜ ልክ ያ ዓይን ከቀላ፣ ካመመ፣ ፈሳሽ ካመጣ ወይም እይታው ከደበዘዘ ነገ የለም፣ በዛው ቀን ነው ሀኪም ጋ። አሁን የቀኙ ግፊት 11 ላይ ነው፣ ከአራት አመት ወዲህ አልባሰም። የሄደው እንደሄደ ነው።

ስለ ጎን እይታ ምርመራው አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሰው ከሱ ፈርቶ ቀጠሮ ሲቀር አውቃለሁ። አንድ ዓይንህን ሸፍነህ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ አፍጥጠህ ብልጭ የምትል ነጥብ ባየህ ቁጥር ቁልፍ ትጫናለህ። ብዙውን ጊዜ ምንም የማታይ ይመስልሃል፣ ጨርሶ ታውሬ ነው ብለህ ላብ በላብ ትወጣለህ። እኔ ስንት ጊዜ ነጥብ ሳላይ በግምት ተጭኛለሁ፣ ፈተና ስለመሰለኝ። ኋላ ነው የተነገረኝ፣ ማሽኑ ሆን ብሎ ነጥቡን የሚያደበዝዘው ማየት እስክታቆም ነው፣ የት ላይ እንደምታቆም ነው የሚፈልገው፣ ስለዚ ጥሩ ዓይን ያለው ሰውም ቢሆን ብዙውን አያይም። በግምት መጫን ውጤቱን ማበላሸት ነው። ይሄን ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

ወደ ቤተሰብ ልምጣ። አባቴ በመጨረሻ ዘመኑ ማየት አቁሞ ነበር፣ «እርጅና ነው» ተባለ፣ ሁላችንም «እርጅና ነው» አልን። ሀኪሟ የመጀመሪያ ቀን «ከቤተሰብ ዓይኑን ያጣ ሰው አለ?» ሲሉኝ «የለም፣ አባቴ ግን አርጅቶ...» ብዬ ጀምሬ መሀል ላይ ቆምኩ። ወላጅ ወይም ወንድም እህት ላይ ካለ አንተ ላይ የመኖሩ እድል ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ጥቁር ህዝብ ላይ ደግሞ ቀደም ብሎ ይመጣል፣ ይከፋልም። ታላቅ እህቴን «እትዬ ዓይንሽን ታዪ» ስላት ሁለት አመት ተጣላችኝ ማለት ይቻላል፣ «መርፌ ክር እያስገባሁ ምን ሆንኩና ነው» ትለኛለች። መርፌና ክር በመሀል እይታ ነው እትዬ! በመጨረሻ «እኔን አጅቢኝ» ብዬ በዘዴ ወስጄ አብራኝ ተመረመረች፣ ተገኘባት፣ ግን ገና ሲጀምር ነው የተገኘው፣ ሌዘር ብቻ ተደርጎላት ምንም ሳይጎድልባት ትኖራለች። አሁን ሰው ሁሉ ላይ እየዞረች የምትሰብከው እሷ ናት። እኔና እሷ ያለን ልዩነት የወንድም ጭቅጭቅ ብቻ ነው።

ሌላ የሚያናድደኝ ነገር፣ ዓይን ሲቀላ ወይም ሲያሳክክ ያለሀኪም ትእዛዝ የሚገዛው ጠብታ። አንዳንዶቹ ውስጥ ዴክሳሜታዞን የመሳሰለ ስቴሮይድ አለ፣ በአንድ ቀን መቅላቱን ድራሹን ያጠፋዋል፣ ስለዚ ሰው ይወደዋል፣ ለልጁም ለጎረቤቱም ያውሰዋል። ስቴሮይድ ግን ለሳምንታትና ለወራት ሲደረግ አንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ግፊት ወደላይ ይሰቅላል፣ ህጻንም ቢሆን፣ እና ነርቩን በዛው ይገድለዋል። የሚያቃጥለውን የግላኮማ ጠብታ ትቶ የሚያስደስተውን ይሄን ጠብታ በየቀኑ የሚያደርግ ሰው አይቼ አውቃለሁ። ሁለቱም ብልቃጥ ናቸው፣ ሁለቱም ትንንሽ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። በጭንቅላት መቆም አይነት ስፖርት ግፊት ይጨምራል፣ ተዉት፣ መራመድ ጥሩ ነው። ብዙ ውሃ በአንዴ መጋት ለጊዜው ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ቀስ ብሎ መጠጣት ነው። ስልክና ኮምፒውተር ማየት አያመጣውም። በሽታው ቫይታሚን አያድነውም፣ የሚያድን አለ የሚል ሰው ካለ ሊሸጥልህ ነው። ድንገት ዓይን ቀልቶ በሀይል ካመመ፣ ራስ ምታትና ማስታወክ ካለ፣ መብራት ዙሪያ ቀስተደመና ከታየ ደግሞ እሱ ሌላኛው አይነት ነው፣ መውጫው በአንዴ የተዘጋበት፣ በሰአታት ውስጥ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፣ የሆድ ህመም ነው ተብሎ ሲዘገይ ነው ሰው የሚጎዳው። ሌሊትም ቢሆን ተነስቶ መሄድ ነው።

አንድ እርማት ደግሞ አውጡልኝ። «ከ21 በታች ግፊት ጤነኛ ነው» ብላችኋል። 21 አጥር አደለም። 17 ሆኖ ነርቩ የሚሞት ሰው አለ፣ 25 ሆኖ እድሜውን ሙሉ ምንም የማይሆን ሰውም አለ፣ የዓይኑ ፊት ያለው መስታወት መሰሉ ክፍል ወፍራም ወይም ስስ ከሆነም ቁጥሩ ራሱ ያሳስታል። ለዛ ነው ግፊት ተለክቶ ብቻ «ነጻ ነህ» የሚባል ነገር የሌለው፣ ነርቩ ራሱ መታየት አለበት። የታመመ ሰው ደግሞ የራሱ ቁጥር አለው፣ የኔ ከ12 በታች ነው የተባልኩት፣ የሌላው 18 ሊሆን ይችላል። ስዊድን ውስጥ በተካሄደ ጥናት ግፊት በ1 ሚሊሜትር ሜርኩሪ (የጠራኋቸው የግፊት ቁጥሮች ሁሉ መለኪያ ነው) በቀነሰ ቁጥር በሽታው የመባሱ እድል 10 በመቶ አካባቢ እንደሚቀንስ ታይቷል፣ ስለዚ 14 እና 12 ልዩነታቸው ትንሽ እንዳይመስላችሁ፣ ጉንጭ ላይ የወደቀችው ጠብታ ማለት እሷ ናት። በ2020 እ.ኤ.አ. በአለም ላይ 76 ሚሊዮን አካባቢ ሰው ግላኮማ እንደሚኖርበት ተገምቶ ነበር፣ በ2040 ከ111 ሚሊዮን ያልፋል ተብሏል፣ እኔ ግን ይሄን ቁጥር ባየሁ ቁጥር የማስበው ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ነው «እስቲ አሳየኝ» ተብሎ የሚያውቀው ነው። ልክ በሆነ ሰአት የተገኘበትና በስርአት የታከመ አብዛኛው ሰው እኮ እስከ እድሜው መጨረሻ አይታወርም፣ ይሄንንም ጻፉት፣ ማስፈራራት ብቻ ሰውን ከምርመራ ያሸሻል።

አሁን ወደ ልጄ። ጽሁፋችሁን ግማሹን እሷ ያነበበችልኝ ፊደሉ አንሶብኝ አደለም። ዋናው ጽሁፍ ጥቁር በነጭ ስለሆነ እንደውሃ ነው ያነበብኩት። «ለግላኮማ ታማሚዎች ጠቃሚ ምክሮች» ያላችሁትን ሳጥን ግን ግራጫ መደብ ላይ በነጣ ያለ ሰማያዊ ነው ያተማችሁት። ግላኮማ ከሚወስዳቸው ነገሮች አንዱ ተቀራራቢ ቀለሞችን መለየት ነው፣ ለኔ ያ ሳጥን ባዶ ሳጥን ነበር። ብርሀን ሲበዛም ያንጸባርቅብናል፣ ቦኖ የሚባለው የዩቱ ባንድ ዘፋኝ ሁልጊዜ ባለቀለም መነጽር የሚያደርገው ለፋሽን ነው ሲባል ኖሮ በ2014 እ.ኤ.አ. ነው 20 አመት ሙሉ ግላኮማ እንዳለበት የተናገረው። እና በሚቀጥለው ስለዚህ ነገር ስትጽፉ ምክሩን ጥቁር በነጭ አትሙልን፣ ቦታ ከተረፋችሁ ደግሞ ያቺን የዓይን ጥግ ጣት የሚጫንባትን በስዕል አሳዩ፣ እሱንም በወፍራም መስመር።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ